ሰባት ጊዜ እሳት፣ አንድ ጊዜ ጨርቅ

ሽማግሌውን አንጥረኛ ገበያው «መስታወቱ» ይላቸዋል። አርባ ዓመት ብር ሲወለውሉ ስለኖሩ፣ ከእጃቸው በወጣ ቀለበት ላይ ደንበኛው ጥርሱን ማየት ይችላል፤ አንዳንዱም አይቶ ደስ ሳይለው ሄዷል።

ልጃቸው ግን የተሸበሸበ ብር ነው የምትሠራው። የብሩን ዝርግ እሳት ላይ ታግለዋለች፣ አሲድ ውስጥ ትነክረዋለች፣ ደግማ ታግለዋለች፤ ሰባት ጊዜ። በየእሳቱ ከብሩ ጋር የተቀላቀለው መዳብ ከላዩ እየለቀቀ፣ ንጹሑ ብር እንደ ወተት ስልባቦት ይሰፍራል፤ መልኩም ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይመስላል። በስምንተኛው እሳት ስልባቦቱ ሳይቀልጥ ከሥሩ ያለው ይቀልጥና ላዩ ይጨማደዳል።

«ያልተተኮሰ ሸሚዝ!» ይላሉ አባት።

«ሰው ይገዛዋል፣ አባዬ።»

«ሰው ምን የማይገዛው አለ!»

በመጨረሻ ተስማሙ። አባት በጎልማሳነታቸው የሠሩትን የሟች እናቷን አምባር ሰጧት።

«ከዚህ ደህና ነገር ካወጣሽ ጠረጴዛው ያንቺ ነው፤ እንደፈለግሽ አጨማድጂ። ካበላሸሽው ግን ተመልሰሽ ትወለውያለሽ።»

ልጅቷ አምባሩን አቅልጣ ዘረጋችው። ለእያንዳንዱ እሳት ግድግዳው ላይ በጠመኔ አንድ ሰረዝ አሰመረች።

ሰባተኛው ሰረዝ በተሰመረ ማግሥት፣ ቀለበት ለደንበኛ ልታደርስ ወጣች። ዝርጉ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። አባት ክፋት አላሰቡም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና፣ የደበዘዘ ብር ሲያዩ እጃቸው ራሱ ጨርቁን አነሳ፣ ማሸት ጀመረ። የነቁት መሃሉ ላይ የገዛ አፍንጫቸው ብቅ ሲል ነው። ስልባቦቱን ገፈውታል።

ባለሙያ ጥፋቱን በሙያው ይደብቃል። ዝርጉን አንዴ አግለው አሲድ ውስጥ ነከሩት፤ መልሶ ነጭ ሆነ። ለሚያየው ሰው ልዩነት የለውም፤ እሳት ግን በዓይን አያይም። ዝም አይነቅዝም ብለው ተቀመጡ።

ልጅቷ ተመለሰች።

«ምነው አላበህ?»

«ሙቀቱ ነዋ።»

«ገና እሳት ሳይነድ?»

የጋዙን እሳት አነደደችው። ከዳር ጀምሮ ብሩ ነፋስ እንደነካው ኩሬ ይጨማደድ ጀመር። ነበልባሉ ወደ መሃል ሲጠጋ አባት ብድግ አሉ።

«ቆይ!»

ዘግይተዋል። መሃሉ ድንገት አበራ፣ ሳሳ፣ አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከፈተ። ጋዙን ዘጋችው። ሰረዞቹን ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።

«ሰባት ናቸው» አለች። «በቃ፣ ተበላሸ። ጨርቁን አቀብለኝ።»

አባት ዝርጉን በጉጠት አንስተው ወደ ብርሃኑ ያዙት። ዳሩ ያምራል። ማማሩ ትንሽ አናደዳቸው።

«ቀዳዳው የኔ ነው» አሉ።

«ማለት?»

«ወልውዬዋለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ነጭ ሆኖ አገኘሁት?»

«አንዴ አጋልኩት።»

«አንዴ!» አለች።

«ስምምነታችን ስላንቺ ሥራ ነው። ያንቺ ዳር ዳሩ ነው፤ ደህና ነው።»

«ደህና» የሚለው ቃል ለራሳቸው ሥራ እንኳ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ወንበራቸውን አንስተው ከጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ወሰዱት።

ልጅቷ በቀዳዳው ክር አሳልፋ ዝርጉን መስኮቱ ላይ ሰቀለችው። በሳምንቱ አንዲት ደንበኛ እያገላበጠች አየችው።

«ይሄን ቀዳዳ ማን ነው የሠራው? እንዴት ያምራል!»

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው ከወንበራቸው ሳይነሱ። «አርባ ዓመት ፈጅቶብኛል።»