ምሰሶ ለሳሎን

ሳሎኔ ቀዝቃዛ ነው ያለችኝ ማራኪ ናት፤ በሰው በሰው ከሀዋሳ ያስመጣኋት የዲኮር ባለሙያ። ጂፕሰሙን፣ ሴራሚኩን፣ ክሬም ሶፋዬን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ሰብሌ፣ ቆንጆ ነው፤ ግን የሆቴል እንግዳ መቀበያ ይመስላል። ሙቀት ያለው፣ ዘመን የማይሽረው ነገር ይፈልጋል። ከቤተሰብ የመጣ አሮጌ እንጨት የላችሁም?» አለችኝ።

ነበረን። የባሌ እናት እማማ እታለም ሌሞ ገጠር ብቻቸውን በሚኖሩበት ጎጆ መሀል አንድ የወይራ ምሰሶ ቆሟል። አምሳ ዓመት ጭስ ጠጥቶ ከላይ እስከ ታች ጠቁሯል። ባሌን ዘርአብሩክን ጨምሮ ሰባት ልጆች ሲወልዱ የጨበጡት እሱን ነው። ይህን ስነግራት የማራኪ ዓይን በራ።

መቼም ጎጆው ማርጀቱን ማንም አይክድም። «ዛሬ ነገ ሲወድቅ በላያቸው ነው» እያልኩ ዘርአብሩክን ሁለት ሳምንት ወተወትኩት። እሺ ያለኝ አንገቱን ደፍቶ ነው፤ ለኔ እሺታው ይበቃኛል። እናቱን «ዓይንሽን እናሳክምሽ» ብሎ ሆሳዕና ከተማ እኛ ቤት አመጣቸው። ሰርቪስ ቤት አልጋ ዘረጋሁላቸው። በማግስቱ ሄደን ጎጆውን አስፈረስን። ዘርአብሩክ ምሰሶውን በሸራ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ በፈረስ ጋሪ እስከ አስፋልት አወጣው። አቧራ እንዳይነካው የተጠነቀቀ መስሎኝ ደስ አለኝ።

እማማ እታለም ጠዋት ጠዋት ልብሳቸውን በፌስታል አስረው በር ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ያደግኩት ዱራሜ ስለሆነ ሀዲይኛ አልችልም፤ የምንግባባው በአማርኛ ነው።

«ሰብሌ፣ ቤቴ መቼ ነው የምሄደው? እንሰቴ ሰው የለውም።»

«ዓይንዎ ይዳን እንጂ እማማ።»

ዓይናቸው ሲድን «መንገዱ ጭቃ ነው» አልኳቸው። መዋሸቱ አልከበደኝም። ያናደደኝ ማመናቸው ነበር።

አናጢው ምሰሶውን በልክ ቆርጦ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ ሳሎኑ መሀል አቆመው። ማራኪ ትንንሽ መብራት ጠመጠመችበት። በእውነት ሳሎኑ ሞቀ። እማማን አንድም ቀን ወደዚያ አላስገባኋቸውም። ቅዳሜ ከሰዓት የዘርአብሩክን አለቃና የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹን ጋበዝን። «እንግዳ አለብን፣ እዚሁ ይቆዩ» ብዬ የሰርቪሱን በር ገጠም አደረግኩባቸው።

አለቃው አቶ ማቴዎስ ምሰሶውን በመዳፉ እየዳሰሰ «ይሄ ቤት ነፍስ አለው» አለ። ሳህን በእጄ እንደያዝኩ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። ያኔ ነው በግቢው በር በኩል ለቅሶ የተሰማው።

ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እግራቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ። ከፊት የእማማ ጎረቤት አባ ሽብሩ ደረታቸውን ይመታሉ። ዘርአብሩክን ሲያዩ ጮኹበት።

«እናትህ ሞታ ለቀብር ሳትጠራን? ምሰሶዋ በሸራ ተጠቅልሎ ሲወጣ አይተናል። መርዶ ስንጠብቅ ሰነበትን። በኛ አገር ባለቤቱ ሳይሞት ምሰሶ ይወጣል?»

እኔ የከተማ ልጅ ይህን ከየት አውቃለሁ። ባሌን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። እሱ ያውቅ ነበር፤ ሸራውም ከሰው ዓይን ለመሸሸግ እንጂ ለአቧራ አልነበረም።

«አባባ፣ አልሞተችም። እዚሁ ናት» አለ።

ይህን ሲል የሰርቪሱ በር ተከፈተ። እማማ እታለም የሰፈራቸውን ሰው ድምፅ ሰምተው፣ ሊወስዷቸው የመጡ መስሏቸው፣ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው እየሳቁ ወጡ። ለቅሶው ቀጥ አለ። አባ ሽብሩ አፋቸውን ያዙ። አንዲት ሴትዮ በሀዲይኛ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ምን እንዳለቻቸው ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ።

ማንንም ሳይጠይቁ ከነጫማቸው ሳሎን ገቡ። መብራቱን በጣታቸው ገለል አድርገው እንጨቱን ዳሰሱት። በወገባቸው ቁመት ላይ ከሰባት ምጥ የተረፈ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ቫርኒሹ አልደፈነውም። እጃቸው ልክ እዚያ ላይ አረፈ። ፌስታሉን አስቀምጠው ከሥሩ ቁጭ አሉ።

ዘርአብሩክ ተከትሏቸው ገባ። «እማዬ፣ ሰዎቹ ተሳስተው ነው። አሁን እሸኛቸዋለሁ።»

«አልተሳሳቱም» አሉ። «ለቀስተኛ በር ላይ አይቆምም። አስገባቸው።»

ገቡ። በጭቃ እግራቸው ምንጣፌን ረግጠው ክሬም ሶፋዬ ላይ ተቀመጡ፤ ቦታ ያጣ መሬት ላይ ሆነ። ለቅሶው እንደገና ተነሣ። እማማ እታለምም የገዛ ስማቸውን እየጠሩ አብረው አለቀሱ።

እንግዶቼ ሳህናቸውን እያስቀመጡ አንድ በአንድ ተነሡ። አቶ ማቴዎስ እጄን ጨብጦ «ጌታ ያጽናችሁ» አለኝ።

እማማ እታለም ከምሰሶው ሥር ቀና ብለው አዩኝ። ምን እንደምመልስ ይጠብቁ ነበር።

«አሜን» አልኩ።