ጎበዝ የማይባልበት ትምህርት ቤት

«ሚስ ሻሂንዳ፣ እዪልኝ!»

ልጁ ከጭቃ የሠራውን የርግብ ቤት በሁለት እጁ ደግፎ ቆሟል። ቃሉ ሻሂንዳ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ «ጎ…» አለችና ዋጠችው። ዳይሬክተሯ ሚስ ዱሪያ ከኋላዋ፣ ዘንባባው ጥላ ሥር ቆማለች።

«መስኮቶቹ ወደ ላይ ሲሄዱ እያነሱ እንዲመጡ አድርገሃቸዋል» አለች ሻሂንዳ አስተካክላ። «ግድግዳው ሲፈርስብህም አልተውከውም።»

ልጁ ትንሽ ጠበቀ። ሌላ ነገር እንደማይመጣ ሲገባው ወደ ጭቃው ተመለሰ።

ከጊዛ ወደ ሰቃራ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው በዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ጎበዝ አይባልም። ቃሉ ያመለጠው መምህር ቢኖር ሻይ ሰዓት ላይ መሳቂያ ይሆናል። ምክንያቱን ለአዲስ ወላጆች የምታስረዳው ደግሞ ሻሂንዳ ራሷ ናት፤ አንደበተ ርቱዕ ነች ተብሎ። «ጎበዝ የምትለዋ ቃል ብቻዋን አትመጣም» ትላቸዋለች። «ማወዳደርን አዝላ ነው የምትመጣው። ልጁ ሥራውን ትቶ የእናንተን ፊት ማየት ይጀምራል። ስለዚህ ያያችሁትን ብቻ ንገሩት።» ወላጆቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ገና ከግቢው ሳይወጡም «ጎበዝ፣ በል ጫማህን አድርግ!» ይላሉ።

ሻሂንዳ ግን ደንቡን ቤቷ ድረስ ይዛው ገብታለች። ልጇ ጁማና ስድስት ዓመት አልፏታል፤ የምትማረውም እዚሁ ነው። ዳቦ ትጋግራለች፣ ሱፍ ትፈትላለች፣ የአትክልቱን ቦታ ታጠጣለች። ማንበብ ገና አልጀመረችም። እዚህ ማንበብ ልጁ ሲደርስለት ይመጣል ነው የሚባለው። ይህን ለአማቷ ለሐጃ ኢንሻራህ ማስረዳት ግን የማይሞከር ነው።

«ሚስ ዱሪያ፣ ዛሬ ከምሳ በፊት ልውጣ?» አለች። «ጁማናንም ይዤያት።»

«አመማት እንዴ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «የመግቢያ ቃለ መጠይቅ አላት። አንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት ነው፤ ሁሉን በእንግሊዝኛ የሚያስተምር። ቀጠሮውን አባቷ ነው የያዘላት።»

ሚስ ዱሪያ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«ልጅሽ ናት፣ እኔ ምን አገባኝ» አለች ረጋ ብላ። «ግን አስቢበት። የእኛው መምህር ልጇን ካስወጣች እኔ ለሌላው ወላጅ ምን ልበል? አንቺስ ከዚያ በኋላ ፊታቸው ቆመሽ ምን ልትያቸው ነው?»

ባሏ ሙእታዝ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ይጠብቃቸው ነበር። ፋርማሲስት ነው፤ ነጭ ጋወኑን እንኳ አላወለቀም። ጁማና ከኋላ ገብታ ጥፍሯ ውስጥ የቀረውን ጭቃ በጥፍሯ መጎርጎር ያዘች።

«ሥራሽን ከጠየቁሽ የቤት እመቤት ነኝ በያቸው» አለ ገና ሳይነሱ።

«ለምን ተብሎ?»

«ልጆች ጭቃ የሚያቦኩበት ቦታ አስተምራለሁ ልትያቸው ነው? እኛንም እኮ ነው የሚፈትኑን፣ እሷን ብቻ መሰለሽ?»

«ሙእታዝ፣ እዚህ ያስገባናት ተስማምተን ነው።»

«ተስማምተን ነው፤ ያኔ ሕፃን ነበረች። አሁን የእህቴ ልጅ ያህያ በእንግሊዝኛ ያነባል። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ ‹ያህያ ጎበዝ፣ ና እስቲ አንብብላቸው› ትላለች፤ የእኔዋ ሶፋው ጥግ ተሸጉጣ ታያለች። አንቺ ይሄ አይታይሽም?» መሪውን ጨበጠው። «እዚህ አገር ሁለተኛ ደረጃ ሲያልቅ አንድ ፈተና አለ። የሰው ዕድል የሚቆረጠው እዚያ ነው። ያን ቀን ሱፍ መፍተል ትችያለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቃት የለም።»

ሻሂንዳን ያናደዳት እውነቱን መሆኑ ነው። ጁማና ካለፈች እሷ ሥራዋን ጥላ መውጣቷ ነው። ከወደቀች ደግሞ በአያቷ ቤት ስሟ ደደብ ሆኖ መቅረቱ ነው። የትኛው እንዲሆን እንደምትፈልግ አታውቅም ነበር። ለገዛ ልጇ መመኘት አቅቷት መቀመጧ አስፈራት።

በቋንቋ ትምህርት ቤቱ የተቀበለቻቸው ጠያቂ ሽቶዋ ክፍሉን የሞላ፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት ነበረች። ብርቱካን የተሳለበት ካርድ ለጁማና ሰጠቻት።

«ይሄ ምንድን ነው፣ የኔ ቆንጆ?»

ጁማና ካርዱን አየችው። ገልብጣም ጀርባውን አየች።

«ወረቀት።»

«ደህና አድርገሽ እዪው እስቲ።»

«ወረቀት ነው» አለች ጁማና፤ ሴትዮዋ ሳይገባት መቅረቱ እያሳዘናት። «ብርቱካን የሳሉበት ወረቀት።»

ሙእታዝ ሳያስበው ሳቀ፤ ከዚያም ላቡን ጠረገ። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ ብላ ያስተማረቻት ሻሂንዳ እግሯን ወንበሩ ሥር ደበቀች። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ቃል አንብቢ ስትባል ጁማና ካርዱን እንደገና ገለበጠችው። ሴትዮዋ ልታግዛት ጎንበስ አለች።

«አይዞሽ። አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ አይደል?»

ጁማና አሰበችበት። ሰው ሲጠይቃት አስባ ነው የምትመልሰው።

«አይመስለኝም» አለች። «ጎበዝ ያህያ ነው። እኔን ማንም ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። እማም ብላኝ አታውቅም።»

ሻሂንዳ ፊቷ ጋለ። «ዳቦውን አቅልተሽ ጋገርሽው፣ ክሩ አልተበጠሰብሽም፣ ውኃው አልፈሰሰብሽም…» ይህን ሁሉ ስትላት የከረመችው ከቃሉ የሚበልጥ ነገር የሰጠቻት መስሏት ነው። ልጅቷ ለካ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ ትንሽ ትጠብቅ ነበር፤ የጠዋቱ ልጅ እንደጠበቀው።

«የእናት ሥራ?» አለች ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አንስታ።

«የቤት እመቤት ናት» አለ ሙእታዝ ፈጥኖ።

ሻሂንዳ አላስተባበለችም። ሴትዮዋ እንደውልላችኋለን ብላ እስከ በር ሸኘቻቸው።

ሲመለሱ መንገዱ ተዘጋጋና ሙእታዝ ከአንድ ጋሪ ብርቱካን ገዛ። «ቢቀበሏትም ባይቀበሏትም እዚያ ጭቃ ቤት አትመለስም» አለ ፌስታሉን ወደ ኋላ እያቀበለ። «እምቢ ካሉን ሌላ እንሞክራለን። እስከዚያ ማታ ማታ አስጠኚ ይመጣላታል።»

ሻሂንዳ ከልጇ አጠገብ ተቀምጣለች። ጁማና አንድ ብርቱካን አነሳች። በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት እንደለመደችው ልጣጩን ከአናቱ ጀምራ እያዞረች፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ሳይበጠስ እስከ ታች አወረደችው። አንስታም አላሳየችም። ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችውና ብርቱካኑን ለእናቷ ከፍላ ሰጠቻት።

«ጎበዝ» አለች ሻሂንዳ።

ልጅቷ ማኘኳን አቆመች።

«እኔ?»

«አንቺ። ጎበዝ ነሽ።»

የጁማና ፊት በራ። እናቷ እንዲህ ሲበራ አይታው አታውቅም። ልጅቷ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«ከያህያም እበልጣለሁ?»

ሻሂንዳ የዚህን ጥያቄ መልስ ታውቀዋለች። ለስንቱ ወላጅ ስታስተምረው ኖራለች።

«ትበልጫለሽ» አለች።

ጁማና ሌላ ብርቱካን አነሳች። አሁን ግን ዓይኗ ብርቱካኑ ላይ አልነበረም፤ እየላጠች የእናቷን ፊት ነበር የምታየው። ልጣጩ መሃል ላይ ተበጠሰ። ደነገጠች፤ ቁራጩን ቶሎ ብላ ከሥሯ ሸጎጠችው፣ ተቀመጠችበትም።

ሻሂንዳ አየቻት። ለማልቀስ አንድ ሐሙስ ቀርቷት ነበር። ከፌስታሉ አንድ ብርቱካን አወጣችና እሷም መላጥ ጀመረች፤ ጥፍሯን ሆን ብላ ጠልቆ እንዲገባ አደረገችው። ልጣጩ ተቆራረጠ፣ ጭማቂው ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ።

«ውይ፣ ተበጠሰብኝ!»

ጁማና ቁርጥራጩን አየች። ቀስ ብላ የራሷን ከሥሯ አወጣችና ከእናቷ ልጣጭ ጋር አስተያየችው። ከዚያ በሳቅ ፈነዳች።

«እማ! አንቺ እኮ ጎበዝ አይደለሽም!»

ሙእታዝ በመስታወቱ አያቸው።

«አይደለሁም» አለች ሻሂንዳ፤ ሌላ ብርቱካንም አነሳች።