አሥር ደቂቃ ስድብ

ሠራተኞቹ ፎርማኑን በሌለበት «አለንጋው» ይሉታል። አብሮት የሚሠራውን የገዛ ልጁን ግን ፊት ለፊት ነው «ቆይማ» የሚሉት፤ ሲሚንቶ ተሸክሞ ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርስ ጡንቻው ድርቅ ይልና «ቆይማ፣ ቆይማ» እያለ ደረጃው ላይ ቁጭ ስለሚል።

አባትየው እዚያው ከተፍ ይላል። «አንተ ልፍስፍስ! ማንን ወጣህ? ተነስ!» አሥር ደቂቃ ያወርድበታል። ጉድ እኮ ነው፣ ልጁ ይነሳል! ተነስቶም እንደ ሰው ሲሠራ ይውላል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? «መድኃኒቱ እኔ ጋ ነው» እያለ ለሌሎች ፎርማኖች ሳይቀር ያስተምር ነበር፣ አያፍርም።

ባለፈው ሰኞ ኮንክሪት የሚሞላበት ቀን ስለነበር ያቺን አሥር ደቂቃም ነፈገው። በተቀመጠ ቁጥር ክንዱን ይዞ እየጎተተ አስነሳው። በማግስቱ የልጁ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ሆኖ ወረደ። አሁን ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ እጥበት ላይ ነው፤ ይመለስ አይመለስ ማንም አያውቅም።

ዶክተሯ ፎርማኑን ቢሮዋ አስቀምጣ ወረቀት ላይ ሰንሰለት ሣለችለት።

«ጡንቻ ለችግር ጊዜ ስኳር እንዲህ በሰንሰለት አያይዞ ያስቀምጣል፤ ግላይኮጅን ይባላል። ከሰንሰለቱ ጫፍ አንድ አንድ እየቆረጠ የሚያወጣው ኢንዛይም ነው። ጉልበት ሲበቃን ያርፋል፤ ስንሠራ፣ ስንደነግጥ ትእዛዝ ይደርሰውና ይነቃል። ልጅዎ ጋ ትእዛዙ ይደርሳል፣ ኢንዛይሙ ግን የለም። ሲወለድም አልነበረውም። ስኳሩ ሞልቶ ጡንቻው ይራባል። ሳያርፍ ሲገፋ ደግሞ ይፈራርስና ፍርስራሹ ኩላሊቱን ይዘጋል፤ ሰኞ የሆነው ይኸው ነው።»

ፎርማኑ አልተዋጠለትም። «ታዲያ ስቆጣው ለምን ይነሳ ነበር?»

«ስንት ደቂቃ ይቆጡት ነበር?»

«አሥር ቢሆን ነው።»

«የጉበቱ ኢንዛይም ሌላ ነው፣ እሱ ደህና ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደሙ ከጉበት ስኳር፣ ከሌላ ቦታም ስብ ያደርስለታል፤ ያን ጊዜ ይቀለዋል። ዝም ቢሉትም ይነሳ ነበር፣ አባቴ።»

ዝም ቢሉትም! ያ ሁሉ ስድብ፣ በሰው ፊት ያ ሁሉ ውርደት፣ ለካ ለምንም አልነበረም። ልጁን ያዳነው የመሰለው አፉ አንድ ቀን እንኳ ረድቶት አያውቅም።

ልጁ ወደተኛበት ክፍል የሄደው ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር። በሩን ከፈት ሲያደርግ ልጁ አየው፤ ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ፣ የተሰካለትን ቱቦ እንኳ ከቁብ ሳይቆጥር በክርኑ ተደግፎ ቀና ለማለት ተጣጣረ።

«ተነሳሁ አባዬ፣ ተነሳሁ፤ አትቆጣ።»