የሆሴዕ ግራ እጅ

«ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ጠብ ያለ እንባ አላየሁም» አሉ እማማ መንበረ። ጆሯቸው ስለከበደ ሹክሹክታቸው ድንኳኑን ይሞላል። «ድንጋይ እንኳ ዝናብ ሲመታው ይረጥባል።»

«ማሎ እማማ፣ ይተዉ! ትሰማለች» አለች ጎረቤቷ ዙቤይዳ።

«ትስማኛ! የሞተው እኮ ሆሴዕ ነው፤ ድመት አይደለም።»

ጥሩአየሁ ሰማች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የድንኳኑን በር ታያለች። ዛሬ በዚያ በር ማን እንደሚገባ ታውቃለች።

እንባ ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም። እንደ እሷ ያሉት፣ ሰው ጴንጤ የሚላቸው፣ ተስፋ እንደሌለው ሰው ደረት እንዳይደቁ ተምረዋል። ባሏ ሆሴዕም ከመሞቱ በፊት «ዋይ ዋይ እንዳትዪብኝ፣ እንገናኛለን» ብሏታል። ደግ፤ ቃሉን ትጠብቅለት። እውነቱን ለመናገር ግን እንባዋን ያደረቀው ፍርሃት ነው።

ትናንት የቀበሌው ሊቀመንበር ወልደሰማያት፣ የእማማ መንበረ ልጅ፣ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ድሮ እትዬ ይላት ነበር፤ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ጓድ ነው የሚላት።

«ጓድ ጥሩአየሁ፣ ነገ ድንኳኑ ሲነሳ ከላይ የተላከ ካድሬ ይገኛል። ስብሰባ የሚዘጋው በመፈክር ነው።»

«ለቅሶ ምኑ ነው ስብሰባ?»

«ሰው ከተሰበሰበ ስብሰባ ነው። ተነስተሽ፣ ግራ እጅሽን አንስተሽ፣ ‹አብዮት ከሁሉም በላይ› ትያለሽ። እምቢ ካልሽ የጴንጤ ድብቅ ስብሰባ ነው ተብሎ እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ይታፈሳል። ልያም ጭምር።»

ልያ አንድ ልጇ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወልደሰማያት ሊነሳ ሲል ግን ጎንበስ አለና በጆሮዋ፣ «እትዬ፣ በናትሽ በያት። እኔንም እያዩኝ ነው» አላት።

ሆሴዕ ከከምባታ የመጣው ለቡና ለቀማ ነው። ሁለት ዓመት ሊሙ ገነት ሲለቅም ቆየና ጅማ ገብቶ አናጺ ሆነ። አብዮቱ ሲመጣ ከማንም በፊት የወጣው እሱ ነው። የቀበሌውን ቦይ ቆፈረ፣ ጥበቃ ወጣ፣ መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ መጋዙን አስቀምጦ ጠመኔ ያዘ። ጥሩአየሁ ራሷ ስሟን መጻፍ የተማረችው ከባሏ ነው። እማማ መንበረም ስድሳ ዓመት አልፏቸው በጣት ማተም ትተው የፈረሙት በእሱ ትምህርት ነው። ፊርማቸውን ይዘው ገበያውን ሁሉ ዞሩ።

በስብሰባ «ኢትዮጵያ ትቅደም!» ሲባል ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የሆሴዕ ድምፅ ነው። «አብዮት ከሁሉም በላይ!» ሲባል ዝም። ግራ እጁ ጉልበቱ ላይ ትቀራለች። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ የቀበሌው አዳራሽ ከሆነ በኋላ እንኳ፣ ራሱ በሠራው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እንደዚያው ነበር።

«ለአገሬ እቆፍራለሁ፣ አስተምራለሁ፣ ትቅደምም እላለሁ» ይላት ነበር ሳንቃ እየላገ። «ከሁሉም በላይ ያለው ወንበር ግን ባለቤት አለው። ሌላ ሰው አላስቀምጥበትም።»

«አንተ ግትር! እጅህን ብታነሳ ምን ትሆናለህ? እግዜር የሚያየው ልብ ነው። አንሳና ቤትህ ግባ!»

ቀና ብሎ አያት። «አንቺም?» አለና ወደ ሳንቃው ተመለሰ። በሳምንቱ ወሰዱት።

ሰባት ወር አሰሩት። አልነሳ ያለውን እጅ በገመድ ሰቅለው አነሱለት። ሲፈታ ሳል ይዞት፣ ግራ እጁ ከትከሻው ሞታ ነበር የመጣው። ጥሩአየሁ ለአራት ወር በየጠዋቱ ቅቤ አቅልጣ፣ ከአንጓው ወደ ጣቶቹ አሸችለት። «ትድናለች» ትለዋለች። «ሥራዋን ጨርሳለች፣ ተያት» ይላታል። አንሳ ስላለችው ይቅር በለኝ ልትለው በየቀኑ ታስባለች፤ በየቀኑ ነገ ትላለች። ሳሉ ቀደማት፤ ነገ አለቀ።

«መጡ» አለች ዙቤይዳ።

ካድሬው አጭር፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። ሳይቀመጥ በዓይኑ ሰው ቆጠረ። የእድሩ ዳኛ አባቦራ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «አላህ ያጽናችሁ። እድርተኛ፣ ድንኳኑን እናንሳ።»

«ቆይ አባት፣ ስብሰባው አልተዘጋም» አለ ካድሬው። «ጓድ ሊቀመንበር!»

ወልደሰማያት ፊቱ አመድ መስሏል። «ኢትዮጵያ ትቅደም!»

ጥሩአየሁ ተነሥታ፣ «ትቅደም!» አለች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት፤ እንደ ሆሴዕ ጎልቶ ነበር የወጣው።

«አብዮት ከሁሉም በላይ!»

ግራ እጆች ተነሡ፤ የአባቦራም፣ የዙቤይዳም። ካድሬው የሚያየው እሷን ብቻ ነው። ጥሩአየሁ ልያን አየቻት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ አንሺ ትበል አታንሺ ትበል አልታወቀም።

ግራ እጇ ተነሣች። ትከሻዋን አለፈች። ካድሬው ፈገግ አለ። እጇ ግን ልትጨበጥ እምቢ አለች፤ ራሷ ላይ አረፈች። ቀኝ እጇም ተከተለቻት። ሁለቱን እጆቿን ራሷ ላይ ጫነች፤ ሦስት ቀን የታፈነው ፈነዳ።

«ሆሴዕዬ! አንሳ ያልኩህ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ሆሴዕዬ!»

ለቅሶ ይሁን እምቢታ፣ ራሷም አላወቀችውም።

እማማ መንበረ መፈክሩን አልሰሙም፤ ያዩት እጆቿን ነው። «ተመስገን፣ አለቀሰች!» ብለው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ዋይ አስተማሪዬ! በስተርጅና ዓይኔን ያበራህልኝ!» ዙቤይዳ ቀጠለች። ወደ ላይ የተዘረጉት ጭብጦች አንድ በአንድ ተፈትተው ራስ ላይ ወረዱ። መፈክሩ የት እንደገባ አልታወቀም። ተሰቅሎ የቀረው የካድሬውና የወልደሰማያት እጅ ብቻ ነው።

«አንተስ?» ብለው ጮኹበት እናቱ። «እጅህን እንደ ቋንጣ አንጠልጥለህ ትቆማለህ? አልቅስለት እንጂ!»

የወልደሰማያት እጅ ወረደ። ፊቱን ሸፈነበት።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ካድሬው።

«ለቅሶ ነው ጓድ» አለ ወልደሰማያት ከእጁ ሥር። «ለቅሶ ነው። ተዘግቷል።»

ካድሬው በዝግታ ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸው፤ ልያን ከሁሉ ይበልጥ ቆይቶ አያት። ከዚያ ወጣ። መኪናው ለረጅም ጊዜ ሳይነሣ ቆመ። በመጨረሻ ሞተሩ ጮኸና ራቀ። ይመለስ አይመለስ ማን ያውቃል?

ወንዶቹ ምሰሶውን ነቀሉ። ጥሩአየሁ ባዶው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። ልያ መጥታ ትከሻዋን ተጠጋቻት። ጥሩአየሁ ግራ እጇን ጭኗ ላይ ዘረጋችና አየቻት። ከዚያ በቀኝ አውራ ጣቷ፣ ከአንጓው ጀምራ ወደ ጣቶቹ፣ ቀስ እያለች ማሸት ጀመረች።