ጂ፣ ኤች፣ ቲ ያሉባቸው ቃላት

አስናቀ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ባሕር ዳር በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በሰባ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ፣ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቹ የቤት ሥራ ሰጠ፤ ጂ፣ ኤች እና ቲ ተከታትለው የሚገኙባቸውን ቃላት እየፈለጉ እንዲጽፉ። «ጂና ኤች ይጻፋሉ እንጂ አይነበቡም» አላቸው። «አይሰሙም ብሎ የሚተዋቸው ግን ቃሉን ያበላሻል።»

ሥራውን ከሁሉ አብልጣ የወደደችው እናትዓለም ነበረች። የዘጌው መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ብላ ከተማ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣለች። በእረፍት ሰዓት ሳይቀር እየተከተለች «ጋሼ፣ ሌላ አገኘሁ!» ትለው ነበር።

በሳምንቱ የአብዮት ጥበቃዎች ቤት ለቤት ሲፈትሹ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ አስናቀን ከክፍል ጠርተው ወደ ቀበሌው ወሰዱት። ሊቀ መንበሩ አዘዘ ጠረጴዛው ላይ ደብተር ዘርግቶ ይጠብቀው ነበር። እናትዓለም በባዶ እግሯ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ጓድ መምህር፣ ይህን ተርጉምልን» አለ አዘዘ።

አስናቀ ገና ሲያየው የእናትዓለም የቤት ሥራ መሆኑን አወቀ።

«ይኼ ኤይት ነው፤ ስምንት ማለት ነው። ናይት፣ ሌሊት። ፋይት፣ ውጊያ።»

አዘዘ ወደ ጓዶቹ ዞረ። «ሌሊት በስምንት ሰዓት ውጊያ! ሰማችሁ? ቀጥል።»

«ላይት ብርሃን ነው። ራይት ቀኝ፣ መብትም ይሆናል። ዶተር፣ ሴት ልጅ።»

«መልእክቱን የምታደርሰው ሴት ልጅ መሆኗ ነዋ! እሷ የቤት ሥራ ነው ትላለች። አንተ ነህ የሰጠሃት?»

የታሪክ መምህሩ ከተወሰደ ገና ስድስት ቀኑ ነው፤ ሚስቱ ስንቅ ይዛ ብትሄድ «እዚህ የለም» ብለው መልሰዋታል።

«ጋሼ፣ ይንገሯቸው እንጂ» አለች እናትዓለም።

«ቃላቱ ተራ ቃላት ናቸው» አለ።

«የሰጠሃት አንተ ነህ ወይ ነው ያልሁህ።»

«አላስታውስም።»

እናትዓለም ቀና ብላ አየችው። እሱን ለቀቁት፤ እሷን እዚያው አስቀሯት። በማግስቱ አስናቀ የክፍሉን ደብተር ሁሉ ሰብስቦ፣ ያንን ገጽ ከየደብተሩ ቀዶ፣ ከመምህራን ሽንት ቤት ጀርባ አቃጠለው።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት አስተማረ። መጽሐፉ ያ ትምህርት ያለበት ገጽ ላይ ሲደርስ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ይገልጣል። ቃላቱ ግን አልለቀቁትም። የአምፖል ካርቶን ላይ ላይት የሚለውን ያያል፤ ወደ ጎርጎራ በሚሄደው ጀልባ ጭነት ላይ ክብደቱን የሚነግረውን ዌይት ያያል። ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ከሦስተኛው አግዳሚ «ጋሼ፣ ሌላ አገኘሁ» የሚል ይሰማውና ዞር ሲል ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ።

በሰባ አምስት፣ መስቀል ባለፈ ሰሞን፣ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በታንኳ ተሻግረው ትምህርት ቤት መጡ። ተማሪ ወጥቶ ክፍሉ ባዶ ነበር።

«ልጄን ያስያዛትን ጽሕፈት ያነበብኸው አንተ ነህ አሉኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ስዞር የነገረኝ የለም። ምን ይላል?»

አስናቀ ጠመኔ አንሥቶ ቃላቱን እየተረጎመ፣ የማይነበቡትንም ፊደላት እያሳየ አንድ በአንድ ጻፈላቸው። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ ሰሌዳው እንደዞረ «እኔ ነበርሁ የሰጠኋት፣ አባ» አለ። «ጠየቁኝ፤ አላስታውስም አልሁ።»

መሪጌታ በመቋሚያቸው ሰሌዳው ላይ ጂና ኤችን ነኩ።

«እነዚህ ሁለቱ አይነበቡም?»

«አይነበቡም።»

«እኛም ዘንድ በግዕዙ በንጉሡ ሠ ‹ሠረቀ› ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ፣ በእሳቱ ሰ ‹ሰረቀ› ሲጻፍ የሰው ንብረት ወሰደ የሚሆን ቃል አለ። ጆሮ አይለየውም። ታዲያ በዚህ ሰው ይታሰራል?» አሉና ተነሡ። «ና፤ ለኔ ያልኸውን ለነሱም በላቸው።»

አብረው ወደ ቀበሌው ሄዱ። አዘዘ ተዛውሮ ሌላ ሊቀ መንበር ተተክቷል። አስናቀ የሚለውን ጨርሶ ሰማውና «አምስት ዓመት የት ነበርህ?» ብሎ ከግቢው ኋላ ካለው የእስር ክፍል አስገባው።

አሥራ አንድ ቀን ቆየ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ስትገባ፣ ቁጭ ያለ ሰው እጁ በሚደርስበት ከፍታ ላይ፣ የጭቃው ግድግዳ በምስማር ተጭሮ አየ። ብሮት። ዌይት። ስትሬት። ቶት። ጂና ኤች አንዱም ላይ አልተዘለሉም። ብርሃኑ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ሌላ ቃል ይወጣል። እሱ ያላስተማራቸውም ነበሩባቸው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብባቸው አብረውት የታሰሩት ሰዎች አእምሮው የተነካ መስሏቸው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ሲጨርስ አርባ ሦስት ሆኑ።

ሲለቀቅ መሪጌታ ከበሩ ፊት ለፊት ዋርካው ሥር ዳቦ ይዘው ይጠብቁት ነበር። ያየውን ነገራቸው።

«አርባ ሦስት» አሉ። «ደብተሯ ላይ ስንት ነበር?»

«አሥራ ስምንት።»

«እንግዲያ ብዙ ቀን ኖራለች።» ዳቦውን ቆርሰው ሰጡት። «ግድግዳው ሞልቶባት ነው ያቆመች?»

አስናቀ መዋሸት ቢፈልግም ከአፉ አልወጣለትም።

«አይ፤ ባዶ ቦታ ነበረው።»

መሪጌታ ወደ ሐይቁ ፊታቸውን መለሱ። ስንት ጊዜ «ሞታለች፣ ተዝካሯን ያውጡ» ሲሏቸው እምቢ ብለው ነበር፤ በኅዳር ግን አወጡ፤ አስናቀንም አስጠሩት። በታንኳ ተሻግሮ ከሰዉ ኋላ ቆመ። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ «ነፍሰ ወለተ ሚካኤል» እያሉ ይደጋግሙ ነበር። መጀመሪያ የሌላ ሰው መስሎት ዙሪያውን አየ። ኋላ መሪጌታ በዚያ ስም ጎንበስ ሲሉ ሲያይ፣ የእናትዓለም የክርስትና ስም መሆኑ ገባውና መሬት ላይ ተቀመጠ።