ቀጭኑ ፖስታ

ፀጉር ሠሪዋ ገንዘብ መቁጠር አትወድም። መቁጠር የሥራ ፈት ሥራ ነው ባይ ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ የሰው ፀጉር ስትጠቀልልና ስታደርቅ ትውላለች። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ለገዛ ቤቱ እንግዳ ነው። እና የቤቱን ወጪ በራሷ ዘዴ አቀለለችው።

ቁም ሣጥን ውስጥ ፖስታዎች አሉ፤ የኪራይ፣ የአስቤዛ፣ የትምህርት ቤት። ማታ የዕለቱን ገቢ ታከፋፍልባቸዋለች። ጠዋት ስትወጣ ሳትከፍት በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ ታደርጋቸዋለች። ከወፈረ ደህና ነው፣ ከሳሳ ይጨመርበታል፣ አለቀ። ደንበኞቿንም "ምን በጀት በጀት ትላላችሁ? ጣት አይዋሽም" እያለች ታስተምር ነበር። ዘዴው ይሠራል፤ ያጠገባትም እሱው ነው።

የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ከእሷ ሌላ ያለው አማቷ ዘንድ ነው። አማትየዋ አብረዋቸው ይኖራሉ፤ የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው ከመንገዱ ጥግ ቲማቲም ይሸጣሉ።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ፀጉር ሠሪዋ አንዷን ደንበኛ ማድረቂያው ሥር ትታ ወደ ቤት ሮጠች። የትምህርት ቤቱን ፖስታ ቆነጠጠችው። ያ ጠዋት ተወጥሮ የነበረ ፖስታ እንደ ባዶ ሆኗል። ከፍቶ ማየት የማንም ሰው ወግ ነበር፤ እሷ ግን በጣቷ ታምናለችና ፖስታውን እንደጨበጠች ወደ መንገዱ ጥግ ከነፈች።

"እማማ፣ ቢቸግርዎት መጠየቅ ነበር እንጂ።"

አሮጊቷ ቲማቲም እየወለወሉ ቀና አሉ። "ምኑን ልጄ?"

"የልጁን የትምህርት ቤት ገንዘብ። ከእኔና ከእርስዎ ሌላ ማን ይነካዋል?"

አጠገባቸው የተቀመጠው ጫማ ሠፊ መርፌውን አቆመ። ቲማቲም ስትመርጥ የነበረች ገዢም እጇን ሰበሰበች።

"ነግሬሽ ነበር እኮ..."

"እኔ አሁን ወሬ የምሰማበት ጊዜ የለኝም።"

 አሮጊቷ ከጉያቸው የዕለቱን ሽያጭ እንዳለ አውጥተው በእጇ አስጨበጧት። "ሂጂ፣ ልጁ እንዳይቀርበት" አሉ። እሷም ተቀበለች። ምስጋና እንኳ አልወጣትም።

የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ፖስታውን ከፍቶ ቆጠረ። የአሮጊቷን ገንዘብ ወደ እሷ ገፋው። "የኔ እህት፣ ፖስታው ብቻውን ይበቃል። ይሄ ትርፍ ነው።"

ፖስታው ውስጥ ያሉት ጥቂት ድፍን ድፍን ኖቶች ናቸው። እሷ ያስገባችው ግን ደንበኞቿ የሚከፍሏትን ዝርዝር ነበር። ያኔ ትዝ አላት። የዚያኑ ዕለት ጠዋት የልጁን ጫማ እያሰረች ሳለ አማቷ ከኋላዋ ቆመው "ለገዢ መልስ ቸገረኝ፤ ድፍኑን አስገብቼ ዝርዝሩን ልውሰድ?" ብለዋት ነበር። እሷም ሳትዞር "እሺ፣ እሺ እማማ" ብላለች።

ወደ መንገዱ ጥግ ስትመለስ አንድ ገዢ ያነሳውን ቲማቲም መልሶ እያስቀመጠ ነበር። "መልስ የለኝም፣ ይቅርታ ልጄ" ይሉታል አሮጊቷ። ዝርዝራቸው በሙሉ ያለው በእሷ እጅ ነው።

ጫማ ሠፊው እየሰማ ይቅርታ ጠየቀች። በሰው ፊት ያለችውን በሰው ፊት ልትመልሰው ፈለገች፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። "ተይው፣ የተቻኮለ ሰው ያጋጥመዋል" አሉ አማቷ። ገንዘባቸውን ተቀብለው ወደ ጉያቸው መለሱ። ቁልፉንም አብረው አውጥተው ሰጧት። "ይሄ ደግሞ አንቺ ዘንድ ይሁን" አሉ። ለመነቻቸው፣ አልተቀበሏትም። አልተቆጡም እኮ። ቢቆጡማ ምናለ።

ከዚያ ወዲህ አማትየዋ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ሳያስፈቅዱ አይነኩም። ሳሙና ሊገዙ ይጠይቃሉ። ክብሪት ሊገዙ ይጠይቃሉ። የተረፈውን ማታ ይዘው መጥተው ሳንቲም ሳይቀር ጠረጴዛው ላይ ይደረድሩላታል።

"ይተዉት እማማ፣ እኔ አምንዎታለሁ" ትላቸዋለች።

"አይ ልጄ፣ ቁጠሪው" ብለው እስክትጨርስ ከፊቷ ቆመው ይጠብቃሉ።

እሷም አንገቷን ደፍታ ትቆጥራለች።