የአውድማው ዝምታና የነሐሱ መስታወት

ፈጣሪ ለሰው ልጅ ዓይንን ከፊቱ እንጂ ከኋላው ያላኖረለት ስለ ንፍገት ሳይሆን ስለ ርኅራኄ መሆኑን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ አጥብቆ የሚረዳው ያለፈውን ለማየት ተመኝቶ ምኞቱ የተፈጸመለት ሰው ብቻ ነው።

በቀደመው ዘመን ከዓባይ ማዶ እንዳላማው የሚባል፣ ቃሉ ጥቂት፣ ፊቱ ጽኑዕ የሆነ ገበሬ ነበረ። አንድያ ልጁ አንለይ ወደ ዘመቻ ሊሄድ ምርቃት ለመቀበል ከጉልበቱ ሥር በወደቀ ጊዜ፣ እርሱ በአውድማው ላይ ጤፉን ይሰፍር ነበርና፣ እህል ሲሰፈር የተናገረ ሰው በረከትን ያባርራል የሚለውን የአባቶች ሥርዓት አክብሮ አልመለሰለትም። አንለይ ሄደ፤ በሦስተኛውም ወር መርዶው መጣ። የእንዳላማው ሚስት የሻረግ፣ ለጤፍ የሳሳህለትን በረከት ለልጄ ነፈግኸው ብላ ከወቀሰችው ወዲህ ቃል አልተነፈሰችለትም፤ እርሱም ሥርዓቱ አፌን ያዘኝ እንጂ እኔ አልጨከንሁም እያለ ለብቻው ይምል ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከገደል አፋፍ በተተከለ ገዳም ውስጥ፣ ያለፈውን ዕለት የሚያሳይ፣ ድምፅ ግን የማያሰማ የነሐስ መስታወት በሰባት ግምጃ ተጠቅልሎ ተሰውሯል የሚለውን ወሬ ሰማ፤ መሐላውንም በዓይኑ ሊያጸና የሦስት ቀን መንገድ ተጓዘ።

የገዳሙ ዕቃ ጠባቂ አባ ገብረ ኅሩይ፣ ዕድሜ ያጎበጣቸው፣ ጨዋታ ግን ያልተለያቸው መነኩሴ፣ ስሙንና አገሩን ጠይቀው፣ «ከሰው ይልቅ ከበሬው ጋር ያወራል የሚሉህ አንተ ነህ?» አሉት።

«በሬ ነገር አያበዛም፣ አባቴ።»

«መስታወቱም አያበዛም። ተው፣ ልጄ፣ ተመለስ።»

«ልጄን ልየው።»

ግምጃው ሁሉ ተፈትቶ ባለቀ ጊዜ፣ በነሐሱ ውስጥ አውድማው፣ የጤፉ ቁልል፣ የራሱም ጎንበስ ያለ ጀርባ ታየው። አንለይ ወደቀ፣ ጠበቀ፣ ተነሣ፤ ነገር ግን አልሄደም። የመጨረሻው ቁና ተሰፍሮ የስልቻው አፍ እስኪታሰር ድረስ፣ በትሩን ተደግፎ ከአጥሩ አጠገብ ቆመ። ሥርዓቱ ያን ጊዜ አብቅቶ ነበር። አባት ቀና አለ፤ ዓይኑ ከልጁ ዓይን ጋር ተጋጠመ፤ ከንፈሩም ተንቀሳቀሰ፤ ነገር ግን የተናገረው ከጎኑ ለቆመው በሬ፣ የበሬውን ግንባር እያሻሸ ነበር። ልጁ ጥቂት ቆይቶ መሬቱን ሳመና ቁልቁል ወረደ።

«አየኸው?» አሉ አባ።

«ሰፍሬ ጨርሼ ነበር» አለ እንዳላማው።

ቤቱም በገባ ጊዜ ለየሻረግ ይህንኑ ቃል ብቻ ነገራት፤ እርስዋም ከሐዘን ምንጣፏ ላይ ጥቂት ፈቀቅ ብላ ስፍራ ተወችለት። አንደበት በጊዜው ያልከፈተውን ደጅ፣ ዓይን ዘግይቶ ቢያገኘው፣ ቆሞ ያለቅስበታል እንጂ አይገባበትም።